የማይፈለጉ ቱልባሮችንና አድዌሮችን ከቤት ኮምፒዩተር ስለማስወገድ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ መመሪያ

መግቢያ

መንግሥታዊ አገልግሎቶች ከወረቀትና ከመስኮት ወደ ኢንተርኔት እየተሸጋገሩ በሄዱ ቁጥር ተገልጋዩ በቤቱ የሚጠቀምበት ኮምፒዩተር ደኅንነት የአገልግሎቱ አንድ አካል ሆኗል። የንግድ ፈቃዱን የሚያድስ፣ የፓስፖርት ማመልከቻ የሚሞላ ወይም ግብሩን የሚያሳውቅ ዜጋ ስሙን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ የስልክ ቁጥሩንና የሰነዶቹን ቅጂ የሚያስገባው በዚያው ኮምፒዩተር በኩል ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለ ባለቤቱ ዕውቅና የተቀመጠ ፕሮግራም ካለ ግን ተገልጋዩ ቅጹን የሚሞላው ብቻውን ሆኖ አይደለም።

ይህ መመሪያ ቱልባርና አድዌር ተብለው የሚታወቁት የማይፈለጉ ፕሮግራሞች ምን እንደሆኑ፣ በምን መንገድ እንደሚገቡ፣ ምን ጉዳት እንደሚያስከትሉና ተገልጋዩ ያለ ባለሙያ እገዛ እንዴት ሊያስወግዳቸው እንደሚችል ያስረዳል። የተዘጋጀው በዋናነት ዊንዶውስ 10 ወይም ዊንዶውስ 11 ለተጫነባቸው የቤት ኮምፒዩተሮች ነው። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ጽሑፉን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት እንመክራለን። የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል ታስቦበት የተቀመጠ በመሆኑ አንዱን ዘሎ ወደ ሌላው መሄድ የተወገደው ፕሮግራም ተመልሶ እንዲመጣ ሊያደርግ ይችላል።

1. ቱልባርና አድዌር ምንድን ናቸው?

ብሮውዘር ማለት እንደ ክሮም፣ ኤጅና ፋየርፎክስ ያለ ድረ-ገጾችን የምንከፍትበት ፕሮግራም ነው። ቱልባር የሚባለው በብሮውዘሩ የላይኛው ክፍል ተጨማሪ ረድፍ ሆኖ የሚቀመጥ፣ የራሱ የመፈለጊያ ሳጥንና አዝራሮች ያሉት ተቀጥላ ነው። ሁሉም ቱልባር ክፉ አይደለም፤ ተጠቃሚው ፈልጎና አውቆ የጫነው ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ፕሮግራም ስንጭን አብሮ ተጠቅልሎ የሚገባው ነው። ለዚህ በሰፊው የሚታወቀው ምሳሌ ከጃቫ ፕሮግራም መጫኛ ጋር ለዓመታት አብሮ ይቀርብ የነበረው የአስክ ቱልባር ነው። ተጠቃሚው ጃቫን ለመጫን ወይም ለማደስ ሲል በፍጥነት ካለፈ፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ቱልባሩንም አብሮ ያስገባ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 2022 ማይክሮሶፍት ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በአብዛኞቹ የዊንዶውስ 10 ኮምፒዩተሮች ላይ ካቋረጠ ወዲህ፣ በላይኛው ረድፍ ላይ ተደራርበው ይታዩ የነበሩት የቀድሞዎቹ ቱልባሮች ቀንሰዋል። ሥራቸው ግን አልቆመም። ዛሬ የሚመጡት ኤክስቴንሽን በሚል ስያሜ በብሮውዘሩ ውስጥ ተሸሽገው ስለሆነ ከቀድሞዎቹ ይልቅ ለማየት ያስቸግራሉ።

አድዌር ደግሞ ለተጠቃሚው ማስታወቂያ በማሳየት ለአሠራጩ ገቢ የሚያስገኝ ፕሮግራም ነው። ገቢው የሚገኘው ማስታወቂያው በታየ ወይም ጠቅ በተደረገ ቁጥር፣ ወይም ተጠቃሚው ሊሄድበት ካሰበው የመፈለጊያ ገጽ ወደ ሌላ ሲዛወር በሚከፈል ኮሚሽን ነው። ነፃ ፕሮግራም የሚያሠራጩ አንዳንድ ድርጅቶችም ተጓዳኙ አድዌር በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በተጫነ ቁጥር ክፍያ ያገኛሉ። «ነፃ» የተባለው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚያስከፍለው በዚህ መንገድ ነው።

አድዌር በአብዛኛው ከቫይረስ የሚለይበት አንድ ነጥብ አለ። ሲጫን ተጠቃሚው «እስማማለሁ» የሚለውን ጠቅ አድርጓል፤ ረጅሙን የስምምነት ጽሑፍ ባያነበውም ፈቃድ እንደሰጠ ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የቫይረስ መከላከያ ፕሮግራሞች ዝም ብለው ሊያልፉት ይችላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ምናልባት የማይፈለግ ፕሮግራም» በሚል ለብቻው ይመድቡታል። የቫይረስ መከላከያዎ ምንም አላገኘሁም ማለቱ ብቻውን ኮምፒዩተሩ ንጹሕ መሆኑን አያረጋግጥም የምንለው ለዚህ ነው።

2. ምልክቶቹ

ከሚከተሉት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት ከታዩ ኮምፒዩተርዎን መመርመር ይገባል፦

• ብሮውዘሩ ሲከፈት እርስዎ ያልመረጡት ገጽ የሚመጣ ከሆነ፤
• በአድራሻ ሳጥኑ ላይ የጻፉት ቃል በለመዱት መፈለጊያ ሳይሆን በማያውቁት መፈለጊያ የሚፈለግ ከሆነ፤
• ቀድሞ ማስታወቂያ በማይታይባቸው ድረ-ገጾች ላይ ማስታወቂያ የሚወጣ፣ ወይም በጽሑፍ መካከል ያሉ ተራ ቃላት ወደ ማስታወቂያ የሚወስዱ ከሆነ፤
• ብሮውዘሩ ተዘግቶ እያለ በስክሪኑ የቀኝ ታችኛ ጥግ «ኮምፒዩተርዎ በቫይረስ ተይዟል» ወይም «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚሉ መልእክቶች የሚመጡ ከሆነ፤
• የመነሻ ገጹን ካስተካከሉ በኋላ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋና ሲበራ ወደ ቀድሞው የሚመለስ ከሆነ፤
• የኢንተርኔት ጥቅልዎ ከወትሮው በፈጠነ ሁኔታ የሚያልቅ ወይም ኮምፒዩተሩ ያለ ምክንያት የሚዘገይ ከሆነ።

የኮምፒዩተር መዘግየት ብቻውን የአድዌር ማረጋገጫ አይደለም። የዕቃው ማርጀት፣ የማከማቻ ቦታ መሙላትና የዊንዶውስ እድሳት በሂደት ላይ መሆንም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ።

3. በምን መንገድ ይገባሉ?

አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት በራሳችን እጅ ነው። በብዛት የሚታዩት መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

ተጓዳኝ ጭነት፦ አንድ ነፃ የቪዲዮ ማጫወቻ ወይም የሰነድ መቀየሪያ ሲጫን «ፈጣን» እና «ዝርዝር» የሚሉ ሁለት አማራጮች ይቀርባሉ። ፈጣኑን የመረጠ ሰው ተጓዳኝ ፕሮግራሞችን ሳያይ ይቀበላል። ዝርዝሩን የመረጠ ሰው ግን እያንዳንዱን ሳጥን ማየትና ምልክቱን ማንሳት ይችላል።

አሳሳች የማውረጃ ገጾች፦ በአንድ ገጽ ላይ «ዳውንሎድ» የሚሉ በርካታ ትላልቅ አዝራሮች ተደርድረው እውነተኛው ግን በትንሽ ጽሑፍ ተደብቆ ይገኛል። የሚያብረቀርቁት ማስታወቂያዎች ናቸው።

የተሰበሩ ፕሮግራሞች፦ ያለ ፈቃድ የሚሠራጩ የዊንዶውስ፣ የኦፊስና የሌሎች ፕሮግራሞች ቅጂዎች፣ እንዲሁም «ክራክ» እየተባሉ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዘዋወሩ ማስከፈቻዎች ዋነኛ መግቢያ ናቸው። እነዚህ ማስከፈቻዎች ብዙ ጊዜ የቫይረስ መከላከያውን አጥፉ የሚል ትእዛዝ ይዘው ይመጣሉ። ጥበቃውን አጥፋ የሚል ፕሮግራም ሊጠረጠር ይገባዋል።

የማሳወቂያ ፈቃድ፦ አንዳንድ ገጾች «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ» ወይም «ቪዲዮውን ለማየት» በሚል ሰበብ «አላው» የሚለውን ጠቅ እንዲያደርጉ ይጠይቃሉ። ይህ ገጹ ወደፊት ማስታወቂያ እንዲልክ የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ ምንም ፕሮግራም ሳይጫን ብቻውን ኮምፒዩተሩን በማስታወቂያ ያጥለቀልቃል።

የአማርኛ መጻፊያ ፍለጋ፦ በአገራችን ተጠቃሚዎች ዘንድ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባው ደግሞ አማርኛ ለመጻፍ ሲባል ከማይታወቁ ገጾች የሚወርዱ መጻፊያዎችና የፊደል ቅርጾች ጉዳይ ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ አብሮ የተሠራ ስለሆነ፣ በ«ሴቲንግስ» ውስጥ በቋንቋ ክፍል አማርኛን በመጨመር ብቻ መጠቀም ይቻላል። ለዚህ ሲባል ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም ማውረድ አያስፈልግም።

4. በተገልጋዩ ላይ የሚያስከትሉት ጉዳት

ብዙዎች አድዌርን እንደ መሰላቸት ብቻ ይመለከቱታል። ጉዳቱ ግን ከዚያ ያልፋል።

አንዲት ተገልጋይ የምትፈልገውን አገልግሎት ስም በአድራሻ ሳጥኑ ላይ ጻፈች እንበል። መፈለጊያዋ በአድዌር ስለተቀየረ ከላይ የሚመጣላት የመሥሪያ ቤቱ ገጽ ሳይሆን ክፍያ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው። ገጹ ዓርማና የመንግሥት ቀለም አስመስሎ ተሠርቷል። ቅጹን ሞልታ፣ የመታወቂያዋን ፎቶ አያይዛ፣ «የአገልግሎት ክፍያ» ልካ ቀጠሮዋን ትጠብቃለች። በተባለው ቀን ቢሮ ስትቀርብ ማመልከቻዋ በመዝገብ የለም፤ ገንዘቧም ሰነዷም ሌላ ሰው እጅ ገብቷል። የገንዘቡ ጉዳት ይቆጫል፤ የመታወቂያው ቅጂ ግን ከዚያ በኋላም በሌላ ስፍራ በስሟ ሊቀርብ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት ንባብ ነው። በርካታ ኤክስቴንሽኖች ሲጫኑ «በሚጎበኟቸው ድረ-ገጾች ሁሉ ያለዎትን መረጃ የማንበብና የመለወጥ» ፈቃድ ይጠይቃሉ። ይህ ፈቃድ የተሰጠው ኤክስቴንሽን በገጹ ላይ የሚታየውን፣ በቅጽ ላይ የሚጻፈውንም ጭምር ማየት ይችላል።

ሦስተኛው የምስጢራዊ ግንኙነት መሰበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ይፋ የሆነው የሱፐርፊሽ ጉዳይ ለዚህ ማስረጃ ነው። ሌኖቮ በሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ አስቀድሞ የተጫነው ይህ አድዌር በድረ-ገጾች ላይ ማስታወቂያ ለማስገባት ሲል የራሱን የማረጋገጫ ሰርተፊኬት በኮምፒዩተሩ ላይ ያስቀምጥ ነበር። በዚህም በተጠቃሚውና በባንኩ መካከል ያለውን የተመሰጠረ ግንኙነት ሳይቀር መሃል ገብቶ ይከፍት ነበር። በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ የተጠቀመው ቁልፍ አንድ ዓይነት ስለነበረ ቁልፉን ያገኘ ሦስተኛ ወገንም በተመሳሳይ መንገድ ሊገባ ይችል ነበር። ኩባንያው ጉዳዩን በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ፊት እ.ኤ.አ. በ2017 በስምምነት ጨርሷል። ማስታወቂያ ለማሳየት ተብሎ የተከፈተ በር ለሌላም እንደሚከፈት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

5. ከመጀመርዎ በፊት የሚደረግ ዝግጅት

• አስፈላጊ ሰነዶችዎንና ፎቶግራፎችዎን በውጫዊ ማከማቻ ላይ ይቅዱ። የሚቀዱት ሰነዶችን ብቻ ይሁን፤ የፕሮግራም መጫኛዎችን አብረው አይቅዱ።
• ጽዳቱ እስኪጠናቀቅ ድረስ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ የባንክ፣ የክፍያና የመንግሥት አገልግሎት ገጾችን አይክፈቱ።
• የሚያጠራጥሩ ገጾችንና መልእክቶችን በፎቶ ይያዙ። የዊንዶውስ፣ የሺፍትና የኤስ ቁልፎችን በአንድነት በመጫን የስክሪኑን ምስል መቅዳት ይቻላል።
• ላፕቶፕ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ጋር ያገናኙት፤ ምርመራው ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል።
• ኮምፒዩተሩ የመሥሪያ ቤት ንብረት ከሆነ እርምጃ ከመውሰድዎ በፊት ለመሥሪያ ቤትዎ የአይሲቲ ክፍል ያሳውቁ።

6. የማስወገድ ሂደት

ደረጃ አንድ፦ ፕሮግራሙን ከዊንዶውስ ማራገፍ

«ስታርት» ከሚለው ላይ «ሴቲንግስ»ን ይክፈቱ፤ ቀጥሎ «አፕስ» ውስጥ ይግቡ። በዊንዶውስ 11 «ኢንስቶልድ አፕስ»፣ በዊንዶውስ 10 ደግሞ «አፕስ ኤንድ ፊቸርስ» የሚለውን ይምረጡ። ዝርዝሩን በተጫኑበት ቀን እንዲደረደር ያድርጉ። ችግሩ የጀመረበትን ቀን ያስታውሱና በዚያ ሰሞን የተጫኑትን ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን ተከታትለው የገቡ ሁለትና ሦስት እንግዳ ስሞች ይገኛሉ። እያንዳንዱን መርጠው «አንኢንስቶል» ያድርጉ።

በሚያራግፉበት ጊዜ የሚመጡትን መስኮቶች ረጋ ብለው ያንብቡ። አንዳንድ አድዌሮች «በእርግጥ ማስወገድ አይፈልጉም?» በሚል ዓይነት የተጠማዘዘ ጥያቄ ተጠቃሚውን ያደናግራሉ፤ ሌሎች ደግሞ በምትካቸው ሌላ ፕሮግራም እንዲጭኑ ይጋብዛሉ። ስሙን ያላወቁትን ሁሉ ግን አያስወግዱ። በማይክሮሶፍት፣ በኮምፒዩተርዎ አምራች፣ በኢንቴል፣ በኤኤምዲ ወይም በሪልቴክ ስም የተመዘገቡት በአብዛኛው ለኮምፒዩተሩ ሥራ የሚያስፈልጉ ናቸው።

ደረጃ ሁለት፦ ኤክስቴንሽኖችን ማስወገድ

በክሮም በቀኝ ከላይ ካሉት ሦስት ነጠብጣቦች «ኤክስቴንሽንስ» ቀጥሎም «ማኔጅ ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ይክፈቱ። በኤጅም በተመሳሳይ ሁኔታ በሦስቱ ነጠብጣቦች ውስጥ ይገኛል። በፋየርፎክስ ሦስቱን መስመሮች ጠቅ በማድረግ ኤክስቴንሽኖች የሚዘረዘሩበትን ክፍል ይምረጡ። እርስዎ ራስዎ አውቀው ያልጫኑትን ወይም አሁን የማይጠቀሙበትን ሁሉ «ሪሙቭ» ያድርጉ። ማጥፊያውን በመግፋት ለጊዜው ማቆም ብቻ በቂ አይደለም። በኮምፒዩተሩ ላይ ከአንድ በላይ ብሮውዘር ካለ፣ የማይጠቀሙበትም ቢሆን፣ ሁሉንም ይፈትሹ።

ደረጃ ሦስት፦ የመነሻ ገጽንና መፈለጊያን ማስተካከል

በብሮውዘሩ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሰርች ኢንጅን» የሚለውን ከፍተው የሚያምኑትን መፈለጊያ ይምረጡ፤ የማያውቋቸውን ከዝርዝሩ ይሰርዙ። «ኦን ስታርትአፕ» በሚለው ሥር ያልመረጡት አድራሻ ካለ ያስወግዱ። የሚፈልጉትን ክፍል ካጡት በሴቲንግስ ገጽ ላይ ባለው የመፈለጊያ ሳጥን ስሙን መጻፍ ይቻላል።

ደረጃ አራት፦ የማሳወቂያ ፈቃዶችን መሰረዝ

በክሮም «ሴቲንግስ»፣ «ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ «ኖቲፊኬሽንስ» በሚለው ቅደም ተከተል ይግቡ። ማሳወቂያ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ገጾች በዝርዝር ይታያሉ። የማያውቁትን እያንዳንዱን ገጽ ያስወግዱ ወይም «ብሎክ» ያድርጉ። በስክሪኑ ጥግ የሚመጡ «ቫይረስ ተገኘ» የሚሉ መልእክቶች በብዙ አጋጣሚ የሚቆሙት በዚህ እርምጃ ብቻ ነው።

ደረጃ አምስት፦ የተደበቁ ስፍራዎችን መፈተሽ

ሦስት ስፍራዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ።

የመጀመሪያው የብሮውዘሩ አቋራጭ ምልክት ነው። በዴስክቶፕ ላይ ባለው የብሮውዘሩ ምልክት ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱ፤ «ታርጌት» በሚለው ሳጥን ውስጥ ከፕሮግራሙ ስም ቀጥሎ የድረ-ገጽ አድራሻ ተቀጥሎ ከተገኘ አድዌሩ የጨመረው ነው። አቋራጩን ሰርዘው ከስታርት ዝርዝር አዲስ ያውጡ።

ሁለተኛው ኮምፒዩተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች ዝርዝር ነው። «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ «ስታርትአፕ» ውስጥ ገብተው የማያውቁትን ያጥፉ።

ሦስተኛው የፕሮክሲ ቅንብር ነው። «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ፕሮክሲ» ውስጥ እርስዎ ያላስገቡት የፕሮክሲ ሰርቨር በርቶ ከተገኘ ያጥፉት። ይህ ሳይስተካከል ከቀረ የኢንተርኔት ግንኙነትዎ በሌላ አካል በኩል ማለፉን ይቀጥላል፤ ወይም አድዌሩ ከወጣ በኋላ ኢንተርኔት ጭራሽ እምቢ ይላል።

ደረጃ ስድስት፦ ሙሉ ምርመራ

በዊንዶውስ ውስጥ አብሮ የሚመጣውን «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ይክፈቱ። በመጀመሪያ እድሳት መቀበሉን ያረጋግጡ። ቀጥሎ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፉል ስካን» የሚለውን መርጠው ያስጀምሩ። እንደ ኮምፒዩተሩ ፍጥነትና እንደ ፋይሎቹ ብዛት ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል በመሃል አያቋርጡት።

ተጨማሪ ምርመራ ካስፈለገ በተለይ ለአድዌር የተዘጋጀውና በነፃ የሚሰጠው የማልዌርባይትስ አድደብሊውክሊነር ይረዳል። የሚወርደው ግን ከአዘጋጁ ድርጅት ይፋዊ ድረ-ገጽ ብቻ መሆን አለበት፤ በታዋቂ የማጽጃ ፕሮግራሞች ስም የሚሠራጩ ሐሰተኛ ቅጂዎች አሉና። ሁለትና ሦስት የቫይረስ መከላከያዎችን በአንድ ላይ በቋሚነት መጫን አይመከርም፤ እርስ በርሳቸው ስለሚጋጩ ኮምፒዩተሩን ያዘገያሉ።

ደረጃ ሰባት፦ ብሮውዘሩን ወደ መነሻው መመለስ

በክሮምና በኤጅ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሪሴት ሴቲንግስ» የሚለውን፣ በፋየርፎክስ ደግሞ ከ«ሄልፕ» ዝርዝር «ሞር ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን» ቀጥሎም «ሪፍሬሽ ፋየርፎክስ» የሚለውን ይምረጡ። ይህ እርምጃ መነሻ ገጹንና መፈለጊያውን ወደ ነበሩበት ይመልሳል፤ ኤክስቴንሽኖችን ያቆማል ወይም ያስወግዳል። የተቀመጡ የገጽ ምልክቶችና የይለፍ ቃላት አይጠፉም። በክሮምና በኤጅ ከገቡባቸው ገጾች ሊያስወጣዎት ስለሚችል የይለፍ ቃልዎን ማወቅዎን አስቀድመው ያረጋግጡ።

በመጨረሻ ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ያብሩ። ብሮውዘሩን ከፍተው በክፍል 2 የተዘረዘሩት ምልክቶች መጥፋታቸውን ይመልከቱ፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላም ደግመው ይፈትሹ።

7. አልወጣ ያለ እንደሆነ

ፕሮግራሙ «በሥራ ላይ ነው» በሚል አልራገፍም ካለ ኮምፒዩተሩን በሴፍ ሞድ ያስነሡ። የሺፍት ቁልፍን ይዘው «ሪስታርት» ጠቅ ያድርጉ፤ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» ብለው «ሪስታርት» ያድርጉ፤ ከዚያም ቁጥር 4ን ይጫኑ። በዚህ ሁኔታ ዊንዶውስ የሚነሣው በመሠረታዊ ፕሮግራሞቹ ብቻ ስለሆነ አድዌሩ ሳይነቃ ማራገፍ ይቻል ይሆናል።

በቤት ኮምፒዩተርዎ ላይ ብሮውዘሩ «ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን» የሚል ጽሑፍ ካሳየና የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ከሌለ፣ አድዌር የአስተዳዳሪ ትእዛዝ አስገብቶ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የቫይረስ መከላከያዎችም ይህን ጽሑፍ ስለሚያመጡ አስቀድመው ያጣሩ። አድዌር መሆኑ ከተረጋገጠ ማስወገዱ የዊንዶውስን የውስጥ መዝገብ መንካት ስለሚጠይቅ ልምድ ላለው ባለሙያ መስጠት ይመረጣል።

ከዚህ በተጨማሪ በ«ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ የሚገኘው «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» ኮምፒዩተሩን አስነሥቶ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ከመከፈቱ በፊት ይመረምራል። ይህም ካልረዳ የመጨረሻው አማራጭ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ነው። «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚለው ሲመረጥ የግል ፋይሎች ይቀራሉ፤ የተጫኑ ፕሮግራሞች ግን ይወገዳሉ። ቅጂ ሳይያዝ ይህን እርምጃ መውሰድ አይገባም።

8. ከጽዳት በኋላ

አድዌሩ ቢወጣም አስቀድሞ ያየው ነገር አይመለስም። ስለዚህ የኢሜይልዎን፣ የባንክዎንና የመንግሥት አገልግሎት መለያዎችዎን የይለፍ ቃላት ይቀይሩ። ቀዳሚው ኢሜይል ይሁን፤ የሌሎች መለያዎች ይለፍ ቃል የሚታደሰው በእርሱ በኩል ነውና። መቀየሩ ንጹሕ መሆኑ በተረጋገጠ ኮምፒዩተር ወይም ስልክ ላይ መፈጸም አለበት። አገልግሎቱ የሚፈቅድ ከሆነ ከይለፍ ቃል በተጨማሪ በስልክ የሚላክ ኮድ የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። ኮዱን በስልክ ደውሎ ለሚጠይቅ ማንኛውም ሰው፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ ቢልም፣ አይስጡ።

9. ዳግም እንዳይገባ

• ፕሮግራሞችን ከአዘጋጁ ይፋዊ ገጽ ወይም ከማይክሮሶፍት ስቶር ብቻ ያውርዱ፤ ሲጭኑም ዝርዝር አማራጩን ይምረጡ።
• በ«ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ «አፕ ኤንድ ብሮውዘር ኮንትሮል» ከዚያም በ«ሬፑቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን» ሥር የማይፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግደውን ቅንብር ያብሩ።
• ልጆችና እንግዶች ለሚጠቀሙበት ኮምፒዩተር የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሌለው የተጠቃሚ መለያ ይክፈቱ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በዚህ መለያ ያለ አስተዳዳሪው ይለፍ ቃል አይጫኑም።
• የዊንዶውስና የብሮውዘር እድሳቶችን አያዘግዩ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ያበቃ በመሆኑ፣ ኮምፒዩተሩ የሚችል ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 11 ማሸጋገር ይመከራል።
• የመንግሥት አገልግሎት ገጽ ሲከፍቱ አድራሻውን ራስዎ ይጻፉ ወይም ካስቀመጡት ምልክት ይክፈቱ። የፌዴራል መንግሥት ተቋማት አድራሻ በተለምዶ የሚያበቃው በ«ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ነው። መታየት ያለበት ከመጀመሪያው አግድም ዘንግ በፊት ያለው የአድራሻው መጨረሻ ነው፤ እነዚህ ቃላት በአድራሻው መሃል ቢገኙ ማረጋገጫ አይሆኑም።

10. ሕጋዊ ሁኔታና አቤቱታ

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን፣ መረጃ መጥለፍንና በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸም ማጭበርበርን በወንጀል ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የዜጎች የግል መረጃ የሚሰበሰብበትንና ጥቅም ላይ የሚውልበትን ሁኔታ ይደነግጋል።

ገንዘብ የከፈሉ ወይም የመታወቂያ ቅጂ የላኩ ከሆነ በቅድሚያ ለባንክዎ ወይም ለክፍያ አገልግሎት ሰጪዎ፣ ቀጥሎም በአቅራቢያዎ ላለ የፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ። የመሥሪያ ቤት ስም አስመስሎ የተሠራ ገጽ ካጋጠመዎ ስሙ ለተጠቀሰው መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። የሳይበር ጥቃትን በሚመለከት ሥልጣን የተሰጠው ተቋም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። ሲያመለክቱ የገጹን ሙሉ አድራሻ፣ የተከሰተበትን ቀንና ሰዓት፣ የስክሪን ምስሎችንና የክፍያ ደረሰኝን ይዘው ይቅረቡ።

11. በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ስክሪኑ በማስጠንቀቂያ ተሞልቶ «በዚህ ስልክ ይደውሉ» ይላል። ልደውል?
መልስ፦ አይደውሉ። ማይክሮሶፍት በማስጠንቀቂያ መልእክቶቹ ላይ የስልክ ቁጥር አያስቀምጥም። ገጹ አልዘጋ ካለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት ተጭነው በሚከፈተው መስኮት ብሮውዘሩን ይዝጉት።

ጥያቄ፦ ኤክስቴንሽኑን አስወግጄ በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። ለምን?
መልስ፦ በዊንዶውስ ውስጥ የቀረ ፕሮግራም እየመለሰው ይሆናል፤ ወይም ብሮውዘርዎ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር የተሳሰረ ሆኖ በዚያኛው ያለው ወደዚህ ይተላለፋል። ደረጃ አንድንና አምስትን በሁለቱም ኮምፒዩተሮች ላይ ይድገሙ።

ጥያቄ፦ የምጠቀመው በኢንተርኔት ካፌ ነው። ምን ላድርግ?
መልስ፦ የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ማጽዳት የእርስዎ ድርሻ አይደለም። እንግዳ ቱልባር ወይም ያልተለመደ መፈለጊያ ካዩ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የመታወቂያ ሰነድ አያስገቡ። ሲጨርሱ ከመለያዎ ይውጡ፤ ያወረዷቸውን ሰነዶችም ይሰርዙ።

ጥያቄ፦ አገልግሎት ለማግኘት ልዩ ኤክስቴንሽን ጫኑ የሚል ገጽ ገጠመኝ።
መልስ፦ ገጹን ዘግተው አገልግሎቱን በሚሰጠው መሥሪያ ቤት ይፋዊ ስልክ ወይም በአካል ቀርበው ያረጋግጡ። ማረጋገጫ ሳያገኙ ምንም አይጫኑ።

ማሳሰቢያ

በዚህ መመሪያ የተጠቀሱት የዝርዝሮች ስያሜና አቀማመጥ እንደ ፕሮግራሙ እትም በመጠኑ ሊለያዩ ይችላሉ። በየደረጃው የተገለጸውን መፈጸም ያልቻሉ ተገልጋዮች ኮምፒዩተራቸውን ወደሚያምኑት ባለሙያ ከመውሰዳቸው በፊት የሰነዶቻቸውን ቅጂ እንዲይዙና የይለፍ ቃላቸውን ለጥገና ባለሙያም ቢሆን እንዳይሰጡ እናሳስባለን። በኮምፒዩተሩ ደኅንነት እርግጠኛ ያልሆነ ተገልጋይ ማመልከቻውን በችኮላ ከማስገባት ይልቅ በአቅራቢያው ባለ የአገልግሎት መስጫ ማዕከል በአካል ቀርቦ ቢፈጽም ይመረጣል።